ሱሃይሊ፦ አንዲት ትንሽ የሸራ ጀልባ ለዓለም ዙሪያ ውድድር እንዴት ተዘጋጀች? (የጉዳይ ጥናት)

የእንግሊዙ «ሰንዴይ ታይምስ» ጋዜጣ በማርች 1968 «ጎልደን ግሎብ» ብሎ የሰየመውን ውድድር ሲያስታውቅ ያስቀመጠው መስፈርት ጥቂት ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተወዳዳሪው ብቻውን በሸራ ጀልባ ይነሣል፤ ወደብ ሳይገባና ከማንም ቁሳቁስ ሳይቀበል በአፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አሜሪካ ደቡባዊ ጫፎች በኩል ዓለምን ዞሮ ይመለሳል። መነሻው ከጁን 1 እስከ ኦክቶበር 31 ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ መጀመሪያ ለተመለሰው የወርቅ ሉል፣ በአጭር ጊዜ ለጨረሰው ደግሞ 5,000 ፓውንድ ይሰጣል። የጀልባው ዓይነት፣ ርዝመትም ሆነ ዕድሜ አልተወሰነም፤ ጀልባው ለጉዞው ብቁ መሆኑን የሚመረምር አካልም አልነበረም። ከተነሡት 9 ሰዎች መካከል ጉዞውን የፈጸመው አንድ ብቻ ነው። እርሱም የ29 ዓመቱ የንግድ መርከብ መኮንን ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ሲሆን፣ የተጓዘባት ሱሃይሊ ከትንንሾቹና ከዘገምተኞቹ ጀልባዎች የምትመደብ፣ ንድፏም የ1920ዎቹ የነበረ ጀልባ ናት።

ይህ ጥናት የሚመለከተው የጉዞውን ጀብዱ ሳይሆን የጀልባዋን ዝግጅት ነው። ምን ተጨመረላት? ከተጨመረው ምኑ ከሸፈ? ምኑስ እስከ መጨረሻው አገለገለ? ሱሃይሊ በጉዞዋ ብዙ ተሰብሮባታል፤ ውኃ አስገብታለች፤ መሪ መሣሪያዋ ጠፍቷል፤ ሬዲዮዋ ዘግቷል፤ የመጠጥ ውኃዋ ተበላሽቷል። እንደኔ ግምገማ ለውጤት ያበቃት፣ ከእነዚህ ብልሽቶች ለሕይወት የሚያሰጉት ሁሉ አንድ ሰው በራሱ እጅና በጀልባዋ ውስጥ ባለው ቁሳቁስ ሊጠግናቸው ወይም ያለ እነርሱ ሊጓዝ የሚችል ዓይነት መሆናቸው ነው። የዝግጅቱ ጥንካሬም ድክመትም በዚህ መለኪያ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

ሱሃይሊ በቦምቤይ፣ በዛሬዋ ሙምባይ፣ በሕንዳውያን አናጺዎች እጅ ከቲክ እንጨት ተሠርታ በ1964 መጨረሻ ውኃ ላይ ወረደች። ርዝመቷ 32 ጫማ ወይም 9.8 ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ምሰሶ አላት፤ የኋለኛው ምሰሶ ከፊተኛው ያጠረ ነው። ኖክስ ጆንስተንና አጋሮቹ ከእንግሊዝ በፖስታ ያዘዙት ሌላ ንድፍ ነበር፤ የደረሳቸው ግን አሜሪካዊው ዊሊያም አትኪን ያወጣው «ኤሪክ» የተባለው የቆየ ንድፍ ሆነ፤ ጊዜ ስላልነበራቸውም በዚያው ቀጠሉ። አትኪን ንድፉን የወሰደው ኮሊን አርቸር ለኖርዌይ የባሕር ነፍስ አድን አገልግሎት ከቀየሳቸው ጀልባዎች ነው። እነዚያ ጀልባዎች ዓሣ አጥማጆችን ለማዳን ሌላው ሁሉ ወደ ወደብ በሚሸሽበት ማዕበል ውስጥ የሚወጡ ስለነበሩ ከፊትም ከኋላም የሾጠጡ፣ ሆዳቸው የሰፋ፣ ከሥራቸው ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘረጋ ጥልቅና ከባድ ግንድ ያላቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ቅርጽ ከኋላ የሚመጣን ማዕበል ከፍሎ ያሳልፋል፤ አቅጣጫውንም አጥብቆ ይይዛል። ዋጋው ፍጥነት ማጣት ነው። በ1968 የነበሩ የውድድር ጀልባ ቀያሾች እንዲህ ያለውን ጀልባ ለሽርሽር እንጂ ለውድድር አያስቡትም ነበር።

ኖክስ ጆንስተንም ቢሆን ሱሃይሊን የመረጠው በመጀመሪያ ፍላጎቱ አልነበረም። እንግሊዛዊው ብቸኛ ተጓዥ ፍራንሲስ ቺቸስተር በሜይ 1967 አንድ ጊዜ ብቻ ወደብ ገብቶ ዓለምን ዞሮ ሲመለስ፣ የቀረው ያለ ማረፊያ መዞር ብቻ መሆኑን ተረድቶ ለዚሁ ጉዞ ከብረት የሚሠራ ትልቅ አዲስ ጀልባ አስነድፎ ነበር። ገንዘብ ለማሰባሰብ ለብዙ ድርጅቶች ጻፈ፤ ሱሃይሊን ለመሸጥም አሰበ። ገንዘቡ ሳይገኝ ሲቀር ባለችው ጀልባ ለመሄድ ወሰነ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እንደሚባለው፣ ይህ በችግር የተወሰደ ውሳኔ የዝግጅቱ ሁሉ ምርጥ ውሳኔ ሆኖ ተገኘ ብል ማጋነን አይሆንም። ሱሃይሊን ከቦምቤይ በዓረብ ባሕርና በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ አምጥቷታል፤ ከዚያም ከወንድሙና ከአንድ ጓደኛው ጋር ከኬፕታውን እስከ ለንደን በ74 ቀናት ያለ ማረፊያ ተጉዞባታል። ማንኛውም የወደብ ሙከራ የማያሳየውን፣ ማለትም ሳምንታት ባለፉ ቁጥር የቱ ገመድ ቀድሞ እንደሚሳሳና የቱ ማያያዣ እንደሚላላ በዚያ ጉዞ አይቶታል። ከሁሉም በላይ ሸራዎቿ በትክክል ተመጣጥነው ከተዘረጉ ጀልባዋ ማንም መሪ ሳይዝ ለረጅም ሰዓት አቅጣጫዋን ጠብቃ እንደምትሄድ ያውቅ ነበር። ይህ እውቀት ኋላ ላይ ውድድሩን አድኖታል።

የዝግጅቱ ሥራ የተከናወነው ለንደን ውስጥ በሰሪ ዶክስ ነው። ጀልባን ለውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ወትሮ የሚጀምረው ከመቀነስ ነው፤ ክብደት ያወጣል፣ ሸራ ያሳድጋል፣ የጀልባውን ሆድ ያለሰልሳል። እዚህ የተደረገው ተቃራኒው ነው። ለአንድ ሰው ከ10 ወር በላይ የሚበቃ ምግብ በቆርቆሮ ታሽጎ፣ ውኃ በጋኖችና በጀሪካኖች፣ መለዋወጫ ሸራ፣ የሸራ መስፊያ መርፌና ክር፣ ገመድ፣ ብሎን፣ የአናጺ መሣሪያ፣ ነዳጅና መጻሕፍት ሲጫኑባት፣ ከመጀመሪያውም ቀላል ያልነበረችው ጀልባ ከውኃው ይበልጥ ጠለቀች። ክብደቱ ፍጥነቷን እንደቀነሰ አያከራክርም። ሆኖም በዚህ ርቀት ላይ በሰዓት ግማሽ ማይል ማጣት ሳምንታትን ሲያስከፍል፣ የምስማርና የክር እጥረት ግን ጉዞውን በሙሉ ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ በመጫን በኩል የወሰደው አቋም ትክክል ነበር እላለሁ።

ትልቁ ጭማሪ በነፋስ ኃይል ራሱን በራሱ የሚመራ መሣሪያ ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው መተኛት አለበት፤ ሲተኛ መሪውን የሚይዝ ነገር ያስፈልገዋል። የመሣሪያው አሠራር በመሠረቱ ቀላል ነው። ነፋስ የሚመታው ሰሌዳ ከጀልባው አናት በላይ ይቆማል፤ ጀልባው ከነፋሱ አንጻር አቅጣጫውን ሲስት ሰሌዳው ይዞራል፤ ዙረቱም በገመድ ተላልፎ ከኋላ የተገጠመን አነስተኛ ተጨማሪ መሪ ያንቀሳቅሳል። በሱሃይሊ ላይ ግን አንድ ችግር ነበር። የኋለኛው ምሰሶ ሸራ የሚዘረጋበት ዘንግ ከጀልባዋ ጀርባ አልፎ ስለሚወጣ ሰሌዳውን እንደተለመደው በኋላ መሐል ላይ ማቆም አይቻልም። መፍትሔ ተብሎ የተሠራው በጀልባዋ ግራና ቀኝ የሚወጣ የብረት ቱቦ መዋቅር ሲሆን፣ በሁለቱም በኩል አንዳንድ ሰሌዳ ተተከለ፤ ነፋሱ በመጣበት ወገን ያለው እንዲሠራ ታስቦ ነው። ብልኃቱ የሚደነቅ ቢሆንም የዝግጅቱ ደካማ ጎን ይህ ነበር። መዋቅሩ ከጀልባዋ አካል ውጭ ስለወጣ ማዕበል ያገኘዋል፤ ብዙ መገጣጠሚያና ረጅም የገመድ መስመር ስላለው ሰበቃው ይበዛል፤ ተጨማሪ መሪውም ቀጭን ነው። ረጅም ሙከራ ሳይደረግበት መጫኑ ደግሞ፣ ጀልባዋ ራሷ በውቅያኖስ ከተፈተነችበት መጠን ጋር ሲነጻጸር ጉልህ ክፍተት ነው።

ሱሃይሊ ጁን 14 ቀን 1968 ከእንግሊዙ ወደብ ከፋልማውዝ ተነሣች። በአትላንቲክ ወደ ደቡብ ስትወርድ ከሆዷ ውስጥ የሚቀዳው ውኃ ከዕለት ወደ ዕለት ጨመረ። ኖክስ ጆንስተን በኬፕ ቬርዴ አካባቢ ነፋስ ጸጥ ሲል ጠልቆ ሲያይ፣ በዋናው ምሰሶ ትክክል፣ የመጨረሻው ሳንቃ ከታችኛው ግንድ ጋር በሚገጥምበት መስመር ላይ፣ በሁለቱም ወገን 8 ጫማ ያህል ርዝመት ያለው መገጣጠሚያ ተከፍቶ ነበር። ምክንያቱን መረዳት ለማንኛውም የእንጨት ጀልባ ባለቤት ይጠቅማል። ሸራ ነፋስ ሲይዝ ምሰሶው ወደ ታች ይጫናል፤ ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ የያዙት ሽቦዎች ደግሞ የጀልባውን ጎን ወደ ላይ ይስባሉ። ሁለቱ ኃይሎች የሚፋጩት በትክክል በዚያ መስመር ላይ ነው፤ ጀልባው በማዕበል በተንገዳገደ ቁጥርም መገጣጠሚያው ይከፈታል፣ ይዘጋል። በውስጡ የተጠቀጠቀው ጥጥ ቀስ በቀስ ተገፍቶ ይወጣል።

መጀመሪያ እንደ ልማዱ ጥጥ ለመጠቅጠቅ ሞከረ፤ ትንፋሹን ይዞ ከውኃ በታች ሲሠራ ግን ጥጡን መዶሻው ሳያጠብቀው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በተመለሰ ጊዜ ጥጡ ወጥቶ ያገኘዋል። ቀጥሎ የወሰደው ዘዴ ከዚህ ጉዳይ ውስጥ ደጋግሜ የማስበው ክፍል ነው። ጥጡን በረጅምና ጠባብ የሸራ ጨርቅ ላይ ሰፋው፤ ጨርቁን በቅጥራን ነከረው፤ ትንንሽ የመዳብ ምስማሮችንም አስቀድሞ በጨርቁ ላይ ሰካቸው። ከዚያ እየጠለቀ ጨርቁን በተከፈተው መስመር ላይ ምስማር በምስማር መታው፤ ማዕበል እንዳይነቅለውም ሬዲዮውን የገጠሙት ባለሙያዎች ትተውት በሄዱት ስስ የመዳብ ዝርግ ከላይ ሸፈነው። በሥራው መካከል አንድ ሻርክ ሲዞረው ወጥቶ በጠመንጃ ገደለው፤ ሌሎች እንዳልመጡ ጠብቆ ካረጋገጠ በኋላም ወደ ሥራው ተመለሰ። የሌላኛውን ወገን በሌላ ቀን ጨረሰ። ጥገናው ከምሕንድስና አንጻር ሲታይ ከወደብ ሥራ የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል። የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያን በጠንካራ ነገር መድፈን መልሶ ያስከፍተዋል፤ የሚለጠጥ ንጣፍ ከውጭ ሲለጠፍበት ግን የባሕሩ ግፊት ራሱ ንጣፉን ወደ ስንጥቁ ይጫነዋል። ውኃው በእጅጉ ቀነሰ፤ ጥገናውም እስከ ጉዞው መጨረሻ አገለገለ።

የሚያሳስበው ግን መገጣጠሚያው የተከፈተው ከባዱ ባሕር ከመድረሱ በፊት መሆኑ ነው። ለንደን ውስጥ ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ በነበረበት ጊዜ በምሰሶው ሥር ያሉት የውስጥ ማዕዘኖች በተጨማሪ ማጠናከሪያ ቢታሰሩ ኖሮ፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ወራት ስጋት በቀነሰ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛሬ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ለረጅም ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ከአዲስ ሸራ በፊት ገንዘቡን ማዋል ያለበት እዚህ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ፈተና በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ በስተ ደቡብ መጣ። ሌሊት አንድ ማዕበል ጀልባዋን በጎኗ ጣላት። ስትነሣ ከላይኛው ወለል በላይ ከፍ ብሎ የተሠራው የክፍሏ ግድግዳና ጣሪያ ከቦታው ፈቀቅ ማለቱ ታየ፤ በዙሪያው በተፈጠረው ክፍተትም ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። ይህ ክፍል ተነቅሎ ቢሄድ ጀልባዋ ላይ የሚቀረው ሰፊ ክፍት ጉድጓድ ነው፤ ቀጣዩ ማዕበል ያሰምጣት ነበር። ኖክስ ጆንስተን በያዛቸው ብሎኖችና ብሎን መሰል ምስማሮች መገጣጠሚያዎቹን አጠበቀ። በዚያው ሰሞን በጋኖቹ ውስጥ ያለው የመጠጥ ውኃ ተበላሽቶ አገኘው፤ ከዚያ በኋላ ከሸራው ላይ በሚጠራቀመው የዝናብ ውኃ ላይ መመካት ግድ ሆነበት። ውኃን በአንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ አለመያዝ፣ ጀሪካኖችንም መጨመር ትንሽ የሚመስል ውሳኔ ነበር፤ ፋታ የሰጠውም ይኸው ነው።

በደቡባዊው ባሕር ማዕበል ሲበረታ የተጠቀመበት ዘዴ ከዝግጅቱ ርካሽ ዕቃዎች በአንዱ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ይኸውም በጣም ረጅም ወፍራም ገመድ። የገመዱን ሁለት ጫፎች ጀልባዋ ላይ አስሮ መሐሉን ከኋላ ሲለቀው፣ ገመዱ እንደ ትልቅ ቀለበት ውኃውን እየጎተተ ጀልባዋን ያዘገያታል፤ ጀርባዋንም ወደ ማዕበሉ አዙሮ ይይዛታል። ከፊት ደግሞ አንዲት ትንሽ የማዕበል ሸራ መሐል ላይ ተወጥራ ትቀመጣለች፤ ጀልባዋ ወደ ጎን ልትዞር ስትል ነፋሱ ሸራዋን መትቶ ይመልሳታል። የሾጠጠው ጀርባ ማዕበሉን ይከፍላል፤ መርከበኛው ታች ወርዶ ይተኛል። የ1920ዎቹ ንድፍና በሜትር ተለክቶ የሚሸጥ ገመድ ተባብረው፣ የተራቀቀው የብረት መዋቅር ያልቻለውን ሠሩ።

ያ መዋቅር አውስትራሊያ አቅራቢያ አበቃለት። ተጨማሪው መሪ ተሰበረ፤ መለዋወጫውም ተከተለው። ከዚያ ወዲያ ኖክስ ጆንስተን ያለ ራስ መሪ መሣሪያ ታስማን ባሕርን፣ ፓስፊክንና የደቡብ አሜሪካን ደቡባዊ ጫፍ ኬፕ ሆርንን ማለፍ ነበረበት። ይህ በሌላ ጀልባ የጉዞ ማብቂያ ሊሆን ይችል ነበር። እርሱ ግን ወደሚያውቀው ተመለሰ፤ የሁለቱን ምሰሶዎች ሸራ አመጣጥኖ፣ መሪውን በገመድ አስሮ ጀልባዋ በራሷ እንድትሄድ አደረገ። ሁለት ምሰሶ መኖሩ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የኋለኛውን ሸራ ትንሽ መልቀቅ ወይም ማጥበቅ አፍንጫዋን ወደ ነፋስ ወይም ከነፋስ ያዞራልና። ረጅሙ ታችኛ ግንድ ደግሞ የተገኘውን ሚዛን ቶሎ እንዳትስት ይይዛታል። ኬፕ ሆርንን ጃንዋሪ 17 ቀን 1969 አለፈ።

በሬዲዮው በኩል ዝግጅቱ ደካማ ነበር። ማስተላለፊያው ስለተበላሸ፣ በኖቬምበር 1968 ኒውዚላንድ ጠረፍ ላይ ከታየ በኋላ እስከ ኤፕሪል 1969 ድረስ በሕይወት መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በመጨረሻ ያገኘው «ሞቢል አክሜ» የተባለ የነዳጅ መርከብ ነው። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የባትሪ መሙያውን ሞተር የእሳት ክፍተት ለማስተካከል ቀጭን መለኪያ ያስፈልግ ነበር፤ መለኪያው አልተያዘም። ኖክስ ጆንስተን የዕለት መዝገቡን ገጾች ቆጥሮ 200 ገጽ አንድ ኢንች እንደሚሆን አገኘ፤ ስለዚህ አንድ ገጽ 0.005 ኢንች ነው ማለት ነው፤ በገጾቹም ክፍተቱን ለካ። የዕቃ ዝርዝር ምንም ያህል ቢረዝም አንድ ነገር መጉደሉ አይቀርም፤ ስለዚህ የሰውዬው የዓመታት የመርከብ ሥራ ልምድ ከዝግጅቱ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

ሱሃይሊ ከ312 ቀናት በኋላ ኤፕሪል 22 ቀን 1969 ፋልማውዝ ገባች፤ አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 4 የባሕር ማይል ያህል ነበር። የሌሎቹ ዕጣ ከዝግጅት አንጻር መታየት አለበት። ቻይ ብሊትና ጆን ሪጅዌይ በየግላቸው የያዟቸው ጀልባዎች 30 ጫማ የሆኑ፣ ለቤተሰብ ሽርሽር የተሠሩ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ነበሩ፤ ከሥራቸው ባሕሩ ሲሸሽ በጭቃ ላይ እንዲቆሙ የሚያስችሉ ሁለት አጫጭር ክንፎች አሏቸው። ሁለቱም ከሱሃይሊ ቀድመው ተነሥተው ሁለቱም የሕንድ ውቅያኖስን ሳይሻገሩ አቋረጡ። ፈረንሳዊው በርናር ሞይቴሴ የያዘው ጆሹዋ የተባለ ባለ 39 ጫማ የብረት ጀልባ ነበር፤ ምሰሶዎቹ የስልክ እንጨቶች ነበሩ፤ እርሱም ቀደም ሲል ከታሂቲ በኬፕ ሆርን በኩል ወደ አውሮፓ ተጉዞበታል። ሆርንን በመልካም ይዞታ ካለፈ በኋላ በራሱ ፈቃድ ውድድሩን ትቶ ወደ ታሂቲ ቀጠለ።

የሌላው ተወዳዳሪ የናይጄል ቴትሊ ጉዳይ ግን የእኔን መከራከሪያ በከፊል ይፈታተናል። ባለ ሦስት ሆድ ጀልባውን ከማንም በላይ ያውቃታል፤ ከባለቤቱ ጋር ይኖርባት ነበርና። ሆኖም ከኮምፔንሳቶ የተሠራው አካሏ በደቡባዊው ባሕር ተፈታትቶ፣ ዶናልድ ክሮውኸርስት የተባለው ተወዳዳሪ ይቀድመኛል ብሎ በፍጥነት ሲነዳት ሜይ 21 ቀን 1969፣ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ሰመጠች። ክሮውኸርስት ግን ሐሰተኛ ቦታ ሲያስተላልፍ ቆይቶ ነበር፤ ሕይወቱም በባሕር ላይ አለፈ። ኖክስ ጆንስተን የ5,000 ፓውንዱን ሽልማት ለክሮውኸርስት ቤተሰብ ሰጥቷል። ከቴትሊ ጉዳይ የምወስደው ጀልባን ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ጀልባው ሲጎዳ ጉዳቱ በአንድ ቦታ የሚወሰን፣ በምስማርና በብሎን የሚያዝ መሆን አለበት። የቲክ ሳንቃ ሲላላ በሳንቃው ልክ ነው የሚላላው፤ የተጣበቀ ስስ ገበታ ግን አንዴ መላቀቅ ከጀመረ የሚይዘው የለም።

ውድድሩ ሃምሳኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ በ2018 እንደገና ሲጀመር፣ አዘጋጆቹ ከ32 እስከ 36 ጫማ የሆኑ፣ ንድፋቸው ከ1988 በፊት የወጣ፣ ረጅም ታችኛ ግንድ ያላቸውን ጀልባዎች ብቻ ፈቀዱ፤ በሱሃይሊ የታየው ቅርጽ ደንብ ሆነ ማለት ነው። ቅርጹ ብቻ ግን ዋስትና አልሆነም። ሕንዳዊው አቢላሽ ቶሚ በጎዋ አዲስ በተሠራች የሱሃይሊ አምሳያ ተጉዞ፣ በሴፕቴምበር 2018 ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ምሰሶው ተሰብሮና አከርካሪው ተጎድቶ በሌሎች እርዳታ ወጣ። ፊንላንዳዊው ታፒዮ ሌህቲነን ደግሞ የጀልባው ሆድ ላይ የተቀባው ቀለም ተለጣፊ የባሕር ፍጥረታትን ሊከላከል ባለመቻሉ፣ አሸናፊው በ212 ቀናት የጨረሰውን ጉዞ በ322 ቀናት ፈጸመ፤ ለዝግጅት ሲባል አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል፣ ከዚህ ውጤት በኋላ የሆዱን ቀለም ከሸራው አስቀድማለሁ። በሴፕቴምበር 2022 በተጀመረው ቀጣይ ውድድር ሌህቲነን ጀልባው ሰምጣበት ሕንድ ውቅያኖስ ላይ በሕይወት ማዳኛ ጀልባ ሲንሳፈፍ፣ ከመንገዷ ወጥታ ያወጣችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ተወዳዳሪ ኪርስተን ኖይሸፈር ነበረች። ኤፕሪል 27 ቀን 2023 በአንደኝነት የገባችውም እርሷ ናት፤ የተጓዘችባት «ሚኒሃሃ» በ1988 የተሠራች ባለ 36 ጫማ ጀልባ ስትሆን፣ የቅርጿ መሠረትም የኤሪክን ንድፍ ካወጣው ከዚያው ከዊሊያም አትኪን የተወሰደ ነው።